ያገለገለች የሲሊካ ጄል ፓኬትን መልሶ ማድረቅ፦ ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለቅመም ማቆያ

ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲደጋገም ሐረር ውስጥ ቀድሞ የሚያስታውቀው ጓዳ ነው። በርበሬው ማንኪያ ሲነካው ይጓጉላል፣ ጨው ውሃ ያዝላል፣ ስኳር ይደነድናል፣ ቆሎውም ጥርስ ላይ መንቀጫቀጡን ይተዋል። ጀጎል ውስጥ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩት ቤቶች ደግሞ ግድግዳቸው ራሱ እርጥበት ስለሚይዝ ዝናቡ ቢያባራም ጓዳው ቶሎ አይደርቅም።

በዚሁ ሰሞን በየቤቱ የሚጣል አንድ ነገር አለ፤ ከጫማ ካርቶን፣ ከመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጋር የምትመጣው ትንሽ ነጭ ፓኬት። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ አዲስ ካርቶን ሲከፈት መሬት ላይ የምትወድቀው እሷ ናት። ውስጧ ያለው ሲሊካ ጄል የሚባል እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ነው። ብዙ ሰው አንዴ ከሠራ በኋላ ያለቀለት ይመስለዋል፤ ግን አላለቀለትም። የመጠጠውን ውሃ በሙቀት ካስወጣችሁለት እንደገና ይሠራል፣ ይህም ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ምድጃና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ፓኬቷ የደረቀውን እንደደረቀ ታቆያለች እንጂ እርጥቡን ልታደርቅ አቅም የላትም። በቁጥር ላሳያችሁ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር አየር እርጥበት እስኪጠግብ ቢሞላ የሚይዘው ውሃ 23 ሚሊግራም ገደማ ነው። 1 ግራም ደረቅ ሲሊካ ጄል መካከለኛ እርጥበት ባለበት አየር ውስጥ 200 ሚሊግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ባለ 1 ግራሟ ትንሽ ፓኬት ክዳን በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን አየር ደጋግማ ትችለዋለች። አሁን ደግሞ 1 ኪሎ ሽሮ ከሚገባው በላይ 2 በመቶ ብቻ እርጥበት ይዞ ጣሳ ውስጥ ገባ እንበል። ይህ 20 ግራም ውሃ ነው። እሱን ለመምጠጥ 100 ግራም ሲሊካ ጄል ይጠይቃል፤ ከእነዚያ ትንንሾች 100 ፓኬት ማለት ነው። «ፓኬት ጨምሬበት እንኳ ሻገተብኝ» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

የያዛችኋት የትኛዋን ነው?

ትንሽ ከረጢት ሁሉ ሲሊካ ጄል አይደለም፤ እሳት ከማስነካታችሁ በፊት ለዩ። በጣት ስትዳስሷት ክብ ክብ ጠጣር ፍሬ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ስብርባሪ ካላት ሲሊካ ጄል ናት። ግራጫ ወይም ቡናማ ሻካራ ፍሬ ካላት የሸክላ አፈር ናት፤ እሷም ተመልሳ ትደርቃለች። ከታሸገ ምግብ ጋር የምትመጣና ውስጧ ጥቁር ዱቄት ያለባት ደግሞ ኦክስጅን የምትመጥ የብረት ብናኝ ናት፤ ማግኔት ስታስጠጉባት ትሳባለች። ያች አንዴ ከዛገች አበቃ፣ ብታሞቋትም አትመለስም። ቁም ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ሥሩ ውሃ የሚያጠራቅመው ከረጢት ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ እርጥበት ሲጠግብ ወደ ፈሳሽ ስለሚለወጥ ምግብ አጠገብ አይድረስ።

ቀለምም ተመልከቱ። ሰማያዊ ሆና እርጥበት ስትጠግብ ወደ ሮዝ የምትለወጠው ፍሬ ኮባልት ክሎራይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል አለባት። ብርቱካናማ ሆና ወደ አረንጓዴ የምትሄደውም ቀለም የተቀባች ናት። ሁለቱም መጥገባቸውን በዓይን ስለሚያሳዩ ለሰነድ፣ ለፎቶ፣ ለካሜራ፣ ለመሣሪያ ሣጥን እጅግ ጥሩ ናቸው። ለምግብ ግን ነጯን ወይም ቀለም የለሿን ብቻ ተጠቀሙ።

ፓኬቷ ከየት መጣች የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ከጫማና ከቆዳ ዕቃ የወጣች የቆዳና የማጣበቂያ ሽታ ይዛ ትመጣለች። ከዚያ በላይ፣ በአንዳንድ የጫማና የሶፋ ፓኬቶች ውስጥ ሻጋታ መከላከያ ተብሎ ዳይሜቲል ፉማሬት የሚባል ኬሚካል ይጨመር ነበር፤ የሰው ቆዳ ክፉኛ በማቃጠሉ የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ከልክሎታል። እኛ ገበያ የሚገባው ካርቶን ደግሞ የትና መቼ እንደተሠራ ሁልጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ የጫማዋን ለጫማ፣ ለሰነድና ለመሣሪያ አድርጓት። ለምግብ የምትሆነው ከምግብ ማሸጊያ ወይም ከቫይታሚንና ከመድኃኒት ጠርሙስ የወጣችው ናት። ከመድኃኒት ጠርሙስ ስታወጡም መድኃኒቱ አልቆ ይሁን። ክኒኑ ገና እያለ ፓኬቷን ማንሳት መድኃኒቱን ያበላሻል።

መጀመሪያ ዕቃው ይድረቅ

ሸዋ በር ገበያ ዛላ በርበሬ ስትገዙ ሻጯን «እማማ፣ ደርቋል?» ብትሏት «ልጄ፣ ጨበጥ አድርገህ ስማው እንጂ» ማለቷ አይቀርም፤ ትክክል ናት። የደረቀ ዛላ ሲጨበጥ ይሰበራል፣ ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ ይንሿሿል። እርጥበት ያለበት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፣ ድምፁም የታፈነ ነው። እንዲህ ያለውን ሳታሰጡ ማስፈጨት ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለሽምብራ፣ ለባቄላ፣ ለአተርና ለበቆሎ የጨው ፈተና አለ። ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ውሰዱ፣ ሲሶ ያህሉን በእህሉ ሙሉት፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ደቃቅ ጨው ጨምሩበት፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ጥቂት ደቂቃ ናጡት። ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል አስቀምጡት። ጨው ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከቀረ የእህሉ እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ስጡ ይመለስ። ጨው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ከወረደ ደህና ነው። ፈተናው ለፍሬ እንጂ ለዱቄት አይሆንም።

ለውዝ ላይ በተለይ አደራ እላለሁ። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ባቢሌና አካባቢው የለውዝ አገር ነው፤ በየቤታችንም ከረጢት ሙሉ ይገባል። እርጥበት ባለበት የተቀመጠ ለውዝና በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት የሚጎዳ፣ ለካንሰርም የሚያጋልጥ ነው፤ ሲቆላም ሆነ ሲቀቀል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ፣ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ካያችሁ ለቅማችሁ ጣሉ፤ መረር ያለውን አትዋጡ። ሻጋታው ከገባ በኋላ ፓኬት ምንም አትፈይድም።

ከወፍጮ ቤት የመጣ ሽሮና በርበሬ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዱቄቱ ከድንጋዩ ሲወጣ ሞቃት ነው። ትኩሱን ጣሳ ውስጥ ከትታችሁ ከከደናችሁት እርጥበቱ በእንፋሎት ይነሳና ክዳኑ ሥር ውሃ ሆኖ ይቋጠራል፤ ያ ውሃ ተመልሶ ከላይ ያለውን ዱቄት ያጓጉላል። የጓጎለው ሁልጊዜ ከላይኛው ክፍል የሚጀምረው ለዚህ ነው። ንጹሕ አቡጀዴ ወይም ሰፌድ ላይ በስሱ አንጥፉት፣ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፣ እጃችሁን ወደ ውስጡ ስትሰዱ ምንም ሙቀት እስከማይሰማችሁ ድረስ አቀዝቅዙት። ክረምት ከሆነ ምሽቱንና ሌሊቱን ክፍት አይደር፤ ቀን ላይ አብርዳችሁ ሳይመሽ ክደኑት።

ፓኬቷን ማድረቅ

ሲሊካ ጄል ውሃውን በደንብ የሚለቀው ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ደረቅ ሙቀት ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የሚፈላ ድስት ክዳን ላይ ማስቀመጥ ሙቀቱም አይደርስ፣ እንፋሎቱም መልሶ ያረጥባታል።

ቀድሞ ከረጢቷን እዩ። ወረቀት ወይም ጨርቅ መሰል ነጭ ከሆነች ከነልብሷ ትደርቃለች፤ ጨርቅ መሰሏ ግን ከ130 ዲግሪ በላይ ትቀልጣለችና ከ115 አትለፉ። ላስቲክ ከሆነች በመቀስ ቆርጣችሁ ፍሬውን ወደ ብረት ትሪ አፍስሱት፤ ሲደርቅ በንጹሕ አቡጀዴ በተሰፋች ትንሽ ከረጢት ይገባል። ስታፈስሱ አትንፉት፣ ብናኙን አትሳቡት፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል።

ኦቨን ያለው ሰው ሥራው ቀላል ነው፦

1. ፓኬቶቹን ወይም ፍሬውን ትሪ ላይ ሳይደራረቡ ዘርጉ።
2. ኦቨኑን 110 ዲግሪ ላይ አድርጉ፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይጨምር። በጣም የረጠበ ፍሬ ድንገት ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃል።
3. በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በሩን በጣት ስፋት ከፈት አድርጉት፤ የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ ይፈልጋል።
4. በጠቅላላው 2 ሰዓት ያህል ቆዩ፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጧቸው።

ኦቨን ለሌለው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ እኔ ለአብዛኛው ቤት የምመክረውም ይህን ነው፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ለእንጀራው ተከፍሎበታል። የመጨረሻውን እንጀራ አውጥታችሁ ምጣዱን አጥፉት። እንጀራ በሚጋገርበት ሙቀት ከረጢቷን ካስነካችኋት ታራለች፤ ስለዚህ ጠብቁ። አንድ ጠብታ ውሃ ስታንጠባጥቡበት ተንጫጭቶ ወዲያው ከጠፋ ገና አልበረደም። ጠብታው ባለበት ቆይቶ ቀስ ብሎ እየፈላ ሲያልቅ ሙቀቱ ደርሷል። ያኔ ምጣዱ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ጠጠር አስቀምጡና ፓኬቶቹን የያዘውን የብረት ትሪ በእነሱ ላይ አሳርፉት፤ ትሪው ምጣዱን በቀጥታ አይንካው። አክንባሎውን በአንድ ጎኑ ከፍ አድርጋችሁ ክደኑት። ምጣዱ ሞቅ ብሎ እስካለ ድረስ አቆዩት። በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ላትደርቅ ትችላለች፤ በሚቀጥለው ጋገራ ድገሙት፣ በመሐሉ ግን በብልቃጥ ዘግታችሁ አቆዩአት። ፍሬው ምጣዱ ላይ እንዳይበተን ጠርዝ ያለው ትሪ ይሁን።

መብራት ከጠፋ የከሰል ምድጃም ያገለግላል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ በብረት መጥበሻ በስሱ ዘርጉት፣ አመድ የለበሰ ደካማ ፍም ላይ አድርጉት፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰላችሁ 30 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ፍሬው መፈናጠር ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷልና አንሱት። ይህን ደጅ ወይም በር በተከፈተበት ሥሩ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ማይክሮዌቭ ያለው ሰው በዝቅተኛ ኃይል ለግማሽ ደቂቃ እያሞቀ፣ እያወጣ፣ እያናፈሰ ሊያደርቅ ይችላል፤ ባለቀለሟን ግን እዚያ አታስገቡ።

ፀሐይስ? ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጥቁር ትሪ ብታኖሩ እኩለ ቀን ላይ እጅ አያስነካም። ይህ ሙቀት ከፊሉን ውሃ ያስወጣል፤ ከረጅም ጊዜ በፊት ለጠገበች ፓኬት ግን አይበቃትም። ጥሩ መንገድ የሚሆነው በየሁለት ሳምንቱ ለሚደረግ ማደሻ ነው። ሐረር ላይ በክረምት ፀሐይን ተስፋ አታድርጉ። የትም ብታሰጧት ከ10 ሰዓት በፊት አንሷት፤ ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ቀን የለቀቀችውን መልሳ ትጠጣዋለች።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ቦታ መጣ። ከሙቀት የወጣች ፓኬት ሰሃን ላይ ተቀምጣ «ትቀዝቅዝ» ከተባለች ከአየሩ እየጠጣች ነው የምትቀዘቅዘው። ለዘብ እንዳለች፣ እጅ ልታስነካ ስትጀምር ወዲያው አየር የማያስገባ ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሯትና ክደኑ። እዚያው ውስጥ ትቀዝቅዝ። ትኩሷን በቀጥታ ሽሮ ውስጥ ወይም ላስቲክ ዕቃ ውስጥ አታድርጓት።

መድረቋን በምን ታውቃላችሁ?

ሚዛን የሚያህል ምስክር የለም። ግራም የምትለይ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ፓኬቶቹን ከመሞቃቸው በፊት፣ ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቀዋል። በዚያን ጊዜ የተገኘውን ክብደት በእስክሪብቶ ፓኬቷ ላይ ጻፉት። ባለ 1 ግራሞቹን አንድ በአንድ መመዘን አይጠቅምም፣ ለውጡ ከሚዛኑ ስህተት ያንሳል፤ አሥሩን አንድ ላይ መዝኑ። ከዚያ በኋላ የጻፋችሁት ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲጨምር፣ ለምሳሌ 50 ግራም የነበረው ወደ 58 ወይም 60 ሲደርስ፣ ወደ ምድጃ የሚመለሱበት ጊዜ ነው።

ሚዛን የሌለው ሰው በጆሮው ይወቅ። አንዲት ፍሬ አውጥታችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሏት። በደንብ የደረቀች ፍሬ ውሃው ሲገባባት ቀጭ ቀጭ እያለች ትሰነጠቃለች፣ ጥቃቅን አረፋም ትለቃለች። የጠገበች ፍሬ ዝም ብላ ትሰምጣለች። ጥቂት ደረቅ ፍሬ በረጠበ መዳፍ ላይ ስታደርጉም ሞቅ ማለቱ ይሰማችኋል፤ ውሃውን ሲይዝ ሙቀት ስለሚለቅ ነው። የፈተናችሁባቸውን ፍሬዎች አትመልሷቸው፣ ጣሏቸው።

ስንት፣ በምን ዕቃ፣ የት ላይ?

ለአንድ ሊትር ጣሳ ወይም ብልቃጥ 5 ግራም ደረቅ ሲሊካ ጄል ይበቃል እላለሁ፤ በየቀኑ የሚከፈት የወጥ በርበሬ ከሆነ እጥፍ አድርጉት። ይልቅ በየቀኑ የምትቀዱበትን ትንሽ ጣሳ ከዋናው መለየት ከማንኛውም ፓኬት ይበልጣል፤ ዋናው ሳይከፈት ይቆያላ።

ዕቃው አየር ካስገባ ፓኬቷ የጓዳውን አየር ሁሉ ስትመጥ ውላ በሁለት ቀን ትጠግባለች። ማዳበሪያ ከረጢት፣ ሙዳይ፣ እንስራ፣ የተቋጠረ ፌስታል፣ እነዚህ ሁሉ አየር ያስገባሉ። የጎማ ቀለበት ያለው ክዳን፣ ጥሩ የሚጠብቅ የብርጭቆ ብልቃጥ፣ ባለ ክዳን የዱቄት ወተት ጣሳ ይሻላሉ። አፉ ሰፊ የሆነ ጀሪካን ካላችሁ ባዶውን ከድናችሁ ውሃ ውስጥ ጫን አድርጉት፤ አረፋ ካወጣ ያፈስሳል።

ፓኬቷን ዱቄቱ ውስጥ አትቅበሯት። እርጥበት የሚገባው በክዳኑ በኩል ስለሆነ ከላይ ትሁን፤ ከሁሉ የሚመቸው በአቡጀዴ ከረጢት አድርጎ ክዳኑ ሥር በክር ማንጠልጠል ነው። ከረጢቱን በክር ስፉት፤ በስፒል የተያዘ ነገር አንድ ቀን ወጥ ውስጥ ይወድቃል። የበርበሬውን ፓኬት ለበርበሬ፣ የኮረሪማውን ለኮረሪማ ብላችሁ ጻፉባቸው። ሲሊካ ጄል ሽታም ይይዛልና የሚጥሚጣዋ ወደ ስኳር ጣሳ እንዳትሻገር። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ፓኬቷ ከረሜላ ትመስላለች፤ ፍሬው ራሱ መርዝ ባይሆንም ሕፃን ያንቃል።

የማይገባበትም አለ። ጥሬ ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበቱ እንዲጠበቅለት ይፈልጋል፤ የሐረር ቡና በፀሐይ ደርቆ የመጣ ስለሆነ ከዚያ በታች ብታወርዱት ሲቆላ ጣዕሙን ያጣል። ቴምርና ዘቢብም ድንጋይ ይሆናሉ። ለሽሮ፣ ለበርበሬ፣ ለአብሽ ዱቄት፣ ለቋንጣ፣ ለድርቆሽ፣ ለዘር ግን ወዳጅ ናት።

ነቀዝን በተመለከተ አትሳሳቱ፤ ፓኬቷ ነቀዝ አትገድልም። በተለይ ድሬዳዋ ሙቀቱ ነቀዝን ያፋጥናል። ፍሪዘር ያለው ሰው ሽሮውን በታሸገ ዕቃ ለ4 ቀን ያስገባው፣ እንቁላሉም ይሞታል። ሲያወጣው ግን የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳይከፍት ይጠብቅ፤ ብርዱን እንደያዘ ከከፈተው የአየሩ እርጥበት ዱቄቱ ላይ ይቋጠራል።

ከድሬ ወደ ሐረር ስትልኩ

ይህ የእኛ አካባቢ ነገር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎን አልፋችሁ ሐረር ስትደርሱ ወደ 700 ሜትር ወጥታችኋል፣ አየሩም በግልጽ ቀዝቅዟል። ድሬ ላይ በቀትር ሙቀት የታሸገ በርበሬ ሐረር ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ በጣሳው ውስጥ የነበረው አየር ያንኑ ውሃ ይዞ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበቱ ከፍ ይላል፣ ክዳኑ ሥር ጤዛ ሊቋጠር ይችላል። ለእህት፣ ለወንድም የምትልኩ ከሆነ በጠዋት ወይም በምሽት ቅዝቃዜ እሸጉ፣ ደረቅ ፓኬት ጨምሩ፣ ተቀባዩም በማግስቱ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጠራርጎ ፓኬቷን በደረቀች ይቀይር። ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ፓኬቷ ላይ «አይበላም» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከበልግ በፊት የካቲት መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ሰኔ ሳይወጣ አንዴ ሁሉንም አድርቁ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ መዝናችሁ የጠገቡትን ብቻ መልሱ። ፍሬው ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ የቅመም ዘይት ገብቶበታል፣ አይመለስም፤ ከተቀደደ ወረቀቷ ጋር ከቤት ቆሻሻ ጋር ይጣል። ሰማያዊዋንና ሮዟን ግን ጓሮ አትክልት ላይም ሆነ ቦይ ውስጥ አትበትኗት፤ በላስቲክ ቋጥራችሁ ልጅና ዶሮ በማይደርሱበት ገንዳ ጣሏት።